በረግረግ ጥቁር ዐፈር ውስጥ ስለሚኖሩ ረቂቃን ሻጋታዎች የተጻፈ ትምህርት

ረግረግ መሬት ለሚያስተዳድሩና ለሚያሳርሱ ሁሉ የሚጠቅም

ረግረግ መሬት በግዛቱ ወይም በርስቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቦይ ቀድዶ ውሃውን አፍስሶ እርሻ ለማድረግ ያስባል። ሐሳቡም የሚነቀፍ አይደለም፤ የረግረግ ዐፈር ለዐይን የጠቈረ፥ ለእጅ የለሰለሰ፥ ለማረሻም የማያስቸግር ነውና። ነገር ግን ከዚህ ዐፈር አንዱ ወገን እንደ ሌላው ዐፈር ከደንጊያ ተፈጭቶ የተገኘ አይደለም፤ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ሳይበሰብስ ተነባብሮ የቀረ ሣርና ቅጠል ነው። ሳይበሰብስ የቀረውም በውስጡ የሚኖሩት በዐይን የማይታዩ ሻጋታዎችና ሌሎች ረቂቃን ፍጥረቶች በውሃ ታግደው ሥራቸውን ሳይፈጽሙ ስለ ቀሩ ነው። እንግዲህ ቦይ የሚቀድድ ሰው ውሃውን ብቻ የሚያፈስስ ሊመስለው አይገባም፤ ለእነዚያ ሻጋታዎች የተዘጋውን ደጅ ይከፍትላቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር በሌሎች አገሮች በብዙ ኪሳራ የተማሩት ስለ ሆነ፥ ሥራውን ሳይጀምሩ ማወቅ ይገባል።

ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ። ይህ ዐፈር ምን እንደ ሆነ

ይህን ዐፈር እንግሊዞች ፒት፥ ፈረንሳዮች ቱርብ ይሉታል። የሚገኘውም ውሃ ዓመቱን ሙሉ ሳይጐድል በሚተኛበት ስፍራ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ በየዓመቱ የሚበቅለው ተክል በየዓመቱ ይሞታል፤ የሞተውም ከውሃ በታች ሆኖ ከመበስበስ ይልቅ ይከማቻል። ክምችቱ በጣም የዘገየ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊሜትር ቢጨምር ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ውፍረት ያለው ፒት የሺህ ዓመት ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ፒት ከዓለም የብስ ሁሉ የሚሸፍነው ከመቶው 3 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ የተከማቸው ካርቦን በዓለም ደኖች ሁሉ ከቆመው ዕንጨት ካርቦን ይበልጣል። ከፊንላንድ ምድር ሲሶ ያህሉ የፒት ምድር ነው። በአየርላንድ፥ በስኮትላንድ፥ በሩስያና በካናዳም ሰፊ ነው። በአፍሪካም በኮንጎ ወንዝ ተፋሰስ መካከል 145 ሺህ ስኩዌር ኪሎሜትር ያህል ስፋት ያለው የፒት ረግረግ እንዳለ በ2017 ተለክቶ ታውቋል።

በሰሜን አገሮች ይህን ዐፈር ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው ስፋግኑም የሚባል ትንሽ ተክል ነው። መልኩ በርጥብ ደንጊያ ላይ እንደሚበቅለው ለስላሳ አረንጓዴ ምንጣፍ ነው። ይህ ተክል ከደረቅ ክብደቱ 20 እጥፍ የሚያህል ውሃ ለመያዝ ይችላል፤ በዙሪያው ያለውንም ውሃ ያኮመጥጣል። መበስበስን ስለሚጠላም ከ1914 እስከ 1918 በሆነው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች እያደረቁ ለቍስል መሸፈኛ አድርገውት ነበር።

2ኛ። ሻጋታዎቹና ሥራቸው

ሻጋታ ሲባል ሰው ሁሉ በቆየ እንጀራ ላይ የሚወጣውን ያስባል። ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ወገኑ ሰፊ ነው። እርሾም፥ እንጉዳይም፥ ስንዴን የሚያበላሸው ዋግም ከዚሁ ወገን ይቈጠራሉ። እነዚህ ሁሉ እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ለመሥራት አይችሉም፤ ሌላው ካዘጋጀው ይበላሉ። አካላቸውም ረቂቅ ክር ነው፤ የክሩ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ የማይሞላ ስለ ሆነ ያለ አጉሊ መነጽር አይታይም። ሻጋታ አፍና ሆድ የለውም፤ ምግቡን የሚያላምጠው ከአካሉ ውጭ ነው። ከክሩ ጫፍ ኤንዚም የሚባል የሚያሟሟ ቅመም ያፈስሳል፤ ዕንጨቱ ወይም ቅጠሉ በሟሟ ጊዜ የሟሟውን ይመጥጣል። ግንድ ወድቆ ከርሞ አፈር የሚሆነው በዚህ አኳኋን ነው።

በፒት ውስጥ የሚኖሩትን ረቂቃን ፍጥረቶች ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ፥ በዩክሬን ምድር ተወልዶ በአሜሪካ አገር በኒው ጀርሲ የእርሻ ምርመራ ቤት የሠራው ሴልማን ዋክስማን ነው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓመታት ስለ ፒት ብዙ ጽፏል፤ በኋላም ስትሬፕቶማይሲን ስለሚባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኀኒት በ1952 የኖቤልን ሽልማት አግኝቷል። ከእርሱም በኋላ በካናዳ፥ በሩስያና በሰሜን ኤውሮጳ ብዙዎች መርምረዋል። ከፒት ዐፈር ዘወትር የሚገኙት ፔኒሲልየም፥ ትሪኮዴርማ፥ ሞርቲየሬላ፥ ሙኮርና ኦይዲዮዴንድሮን የሚባሉት ናቸው፤ የእርሾ ወገኖችም አሉ።

ሥራቸው አንድ ዐይነት አይደለም። ሙኮርና ሞርቲየሬላ በቀላሉ የሚሟሟውን፥ ስኳር የመሰለውን ነገር ቀድመው ይበላሉ። ትሪኮዴርማ የተክልን ጭረት ያፈርሳል፤ ሌሎችንም ሻጋታዎች እያጠቃ ይበላል። ኦይዲዮዴንድሮን ግን ከሌሎቹ የበለጠ ትዕግሥተኛ ነው፤ በካናዳ በአልበርታ አውራጃ የመረመሩት ሰዎች፥ ስፋግኑምን ከመበስበስ የሚጠብቀውን መራራ ቅመምና ጭረቱን አንድነት እያፈረሰ እንደሚበላ በ2006 ገልጠዋል። ይህም ግንድ የሚያነጡ ሻጋታዎች በዛፍ ላይ የሚያደርጉትን ይመስላል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ የሚበዙት በላይኛው ንጣፍ፥ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ነው። ወደ ታች በተቈፈረ መጠን ሕያው ክር እያነሰ ይሄዳል፤ ውሃ ዘወትር ከሞላበት በታች እጅግ ጥቂት ብቻ ይገኛል።

3ኛ። ውሃ እንዴት እንደሚያግዳቸው

በ1950 በዴንማርክ አገር በሲልከቦር ከተማ አጠገብ ለማገዶ ፒት የሚቈፍሩ ሰዎች የሰው ሬሳ አገኙ። ፊቱ ከነሽፋሽፍቱ፥ ቆዳው ከነመጨማደዱ ስላልጠፋ፥ የቅርብ ጊዜ ግድያ መስሏቸው ለፖሊስ አስታወቁ። በአንገቱም ላይ ገመድ ነበረ። ሊቃውንት በመረመሩት ጊዜ ግን ሰውዬው ከሞተ 2,400 ዓመት ያህል ሆኖታል። በሆዱ ውስጥ የተገኘው የመጨረሻ ምግቡ እንኳ ተለይቶ፥ ገብስና ተልባ ያለበት ገንፎ እንደ ነበረ ታወቀ። ዛሬም የቶሉንድ ሰው ተብሎ በዚያው ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። በደረቅ መሬት ቢቀበር ኖሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአጥንቱ በቀር የሚቀር ነገር ባልነበረም ነበር።

ይህን ያህል የሚጠብቀው ምን እንደ ሆነ በተራ ቢነገር እንደሚከተለው ነው። መጀመሪያ፥ በተኛ ውሃ ውስጥ ኦክሲጅን የሚባለው የሕይወት አየር በፍጥነት ያልቃል፤ ብዙዎቹ ሻጋታዎችም ያለ እርሱ ለመሥራት አይችሉም። ሁለተኛ፥ ውሃው ኮምጣጣ ነው። ሦስተኛ፥ በሰሜን አገርና በከፍተኛ ደጋ ብርዱ ሥራቸውን ያዘገየዋል።

ከእነዚህም ሌላ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። የሞቱት ተክሎች ፌኖል የሚባል ቅመም ይተዋሉ፤ ቆዳ የሚያለፉበት የዛፍ ልጥ ቅመም የዚሁ ወገን ነው። ይህ ቅመም የሚያፈርሱትን ኤንዚሞች ሁሉ እያሰረ ከሥራ ያግዳቸዋል። ፌኖልን ራሱን ሊያጠፋ የሚችል አንድ ኤንዚም አለ፤ ከሚሠሩትም ዋነኞቹ ሻጋታዎች ናቸው። ነገር ግን ይህ ኤንዚም ያለ ኦክሲጅን አይሠራም። በዌልስ አገር በባንጎር ከተማ የሚያስተምረው ክሪስ ፍሪማን ከባልንጀሮቹ ጋራ ይህን በ2001 አሳትሞ፥ ነገሩን በመቀርቀሪያ መሰለው። መቀርቀሪያው አንድ ነው፤ የሚጠብቀው ግን ትልቅ ጎተራ ነው። ውሃው ወርዶ ነፋስ በገባ ጊዜ ያ አንዱ ኤንዚም ይነቃል፤ ፌኖሉን ያጠፋል፤ ታስረው የነበሩትም ኤንዚሞች ሁሉ ተፈትተው የሺህ ዓመቱን ክምችት መብላት ይጀምራሉ። የተበላውም ዐፈር ካርቦን ዲኦክሲድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይወጣል።

4ኛ። ለተክል ስለሚያገለግሉ ሻጋታዎች

ሻጋታ ሁሉ አጥፊ ነው ተብሎ እንዳይታሰብ የሚከተለውን ማወቅ ይገባል። የፒት ዐፈር ጥቁር ስለ ሆነ የሰባ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ተክል ወዲያው ሊወስደው የሚችል ናይትሮጅንና ፎስፎር ጥቂት ነው። እንዲህ በደኸየ ዐፈር ላይ አስታ የመሰሉ ቍጥቋጦዎች እንዴት እንደሚበቅሉ ሊቃውንትን ያስገርም ነበር። በ1885 ጀርመናዊው አልበርት ፍራንክ ሻጋታ በዛፍ ሥር ገብቶ ከዛፉ ጋራ ተስማምቶ እንደሚኖር ገልጦ፥ ይህን ኅብረት ሚኮሪዛ ብሎ ሰየመው። በ1974ም እንግሊዛዊው ዴቪድ ሪድ በአስታ ወገኖች ቀጭን ሥር ውስጥ የሚኖረውን ሻጋታ ለይቶ ስም አወጣለት። ሻጋታው ተክሉ ሊያሟሟው ያልቻለውን አሟሙቶ ናይትሮጅንና ፎስፎር ያመጣል፤ ተክሉም ከቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይከፍለዋል። ባለመሬትና እኩል አራሽ እንደሚካፈሉት ያለ ነው፤ አንዱ ከጠፋ ሁለተኛው ይጐዳል።

በኢትዮጵያ በስሜንና በባሌ ከፍተኛ ተራሮች የሚበቅለው አስታ የዚሁ ወገን ነው፤ በኢጣልያም በዚሁ በአስታ ሥር እንዲህ ያሉ ሻጋታዎች ተገኝተዋል። ይህም ሥራቸው ለተራራ መሬት ብዙ የሚጠቅም ነው፤ አስታ በሌላ ዛፍ ሊያዝ በማይችል ደኻ ዐፈር ላይ ቆሞ ዝናቡን ይቀበላልና።

5ኛ። ረግረግ በደረቀ ጊዜ የሆነ ነገር

በእንግሊዝ አገር በምሥራቅ በኩል ዊትልሲ ሚር የሚባል ትልቅ ሐይቅ ነበረ፤ በዙሪያውም ሰፊ የፒት ረግረግ ነበር። በ1851 ዊልያም ዌልስ የሚባለው ባለመሬት ከሌሎች ጋራ ሆኖ በእንፋሎት ኃይል በሚሠራ ማሽን ውሃውን አስቀዳው፤ ምድሩም እርሻ ሆነ። ዌልስ ግን አስተዋይ ሰው ነበረና የብረት ምሰሶ ፒቱን አልፎ በታች ካለው ጽኑ ምድር ላይ እንዲቆምና ጫፉ ከዐፈሩ ገጽ ጋራ እኩል እንዲሆን አድርጎ አስተከለ። በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ዐፈሩ ከአንድ ሜትር በላይ ወረደ። ዛሬ የምሰሶው ጫፍ ከምድር በላይ 4 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ምሰሶው አልወጣም፤ ምድሩ ነው የወረደው። በመጀመሪያ የወረደው ውሃው ስለ ወጣና ዐፈሩ ስለ ተጫነ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን አብዛኛው ሻጋታዎችና ሌሎች ረቂቃን ፍጥረቶች የበሉት፥ ነፋስም የወሰደው ነው። ያ ስፍራ አሁን ከባሕር ጠለል በታች ስለ ሆነ ውሃውን ያለ ማቋረጥ በማሽን መቅዳት ግድ ሆኗል። ከ2001 ጀምሮም ከዚያ ምድር አንዱን ክፍል ወደ ረግረግነቱ ለመመለስ እየተደከመ ነው።

በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ በቤል ግሌድ በ1924 እንዲሁ የተተከለ ምሰሶ አለ፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ 1 ሜትር ከ80 ያህል ከዐፈር ወጥቷል። ሙቀት ባለበት አገር ሻጋታና ባክቴሪያ ይፈጥናሉና ይህ ምሳሌ ለቆላና ለወይና ደጋ ይበልጥ ይስማማል።

ከሁሉ የከፋው ግን በኢንዶኔዥያ የሆነው ነው። በ1995 ፕሬዚዳንቱ ሱሐርቶ በካሊማንታን ደሴት አንድ ሚሊዮን ሄክታር የፒት ረግረግ የሩዝ እርሻ እንዲሆን አዘዙ። ከ4,000 ኪሎሜትር የበለጠ ቦይ ተቈፈረ። ዐፈሩ ኮምጣጣና ደኻ ስለ ሆነ ሩዙ አልያዘም፤ ውሃው ግን ፈስሶ አልቆ ነበር። በ1997 ድርቅ በሆነ ጊዜ እሳት ተነሥቶ የደረቀውን ፒት ከምድር በታች እየበላ ለወራት ነደደ፤ ጢሱም እስከ ጐረቤት አገሮች ደረሰ። ሱሐርቶ በ1998 ሥልጣናቸውን ከለቀቁ በኋላ ሥራው ተተወ። ሻጋታ በብዙ ዓመት የሚበላውን እሳት በአንድ በጋ በላው። ደጁን የከፈተው ግን ለሁለቱም አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ቦዩ ነው።

6ኛ። ይህ ነገር ለኢትዮጵያ የሚነካበት

ኢትዮጵያ እንደ ፊንላንድ ሰፊ የፒት አገር አይደለችም። ረግረግ የሚባለውም ሁሉ ፒት አይደለም፤ ብዙው ውሃ የሚተኛበት ዋልካ ነው። ነገር ግን በባሌ ከፍተኛ ተራሮች፥ በኢሉባቦርና በሌላውም ዝናብ በበዛበት የምዕራብ ክፍል ዓመቱን ሙሉ የሚረጥቡ ሸለቆዎች አሉ፤ በእነዚህ ውስጥ የሣር ፍርስራሽ የተከማቸበት ጥቁር ዐፈር ይገኛል።

በኢሉባቦር ገበሬዎች ረግረጉን በቦይ አጠንፍፈው በቆሎ መዝራት የቆየ ልማዳቸው ነው። ጨፌውንም ለቤት ክዳን ያጭዱታል፤ ምንጩም የመጠጥ ውሃቸው ነው። ከእነርሱ መካከል ጥበበኞቹ በሸለቆው ራስ ላይ ያለውን ጨፌ ሳይነኩ ይተዉታል፤ በቆሎው ከተሰበሰበም በኋላ ቦዩን ደፍነው ውሃው ተመልሶ እንዲተኛ ያደርጋሉ። ስለ ኤንዚም ሳይነገራቸው መቀርቀሪያውን መልሰው ይዘጋሉ ማለት ነው። ቦዩ ዓመት እስከ ዓመት በተከፈተበትና ከብት ዘወትር በሚረግጠው ስፍራ ግን ዐፈሩ እየጠነከረና እየደኸየ፥ ጨፌውም እየጠፋ ይሄዳል።

7ኛ። ሊደረግ የሚገባው

ሀ። ቦይ ከመቀደዱ በፊት ዐፈሩን መለየት። ስዊድናዊው ሌናርት ፎን ፖስት በ1922 ያስተማረው ቀላል ፈተና አለ፤ ርጥቡን ዐፈር በጭብጥ ይዞ መጭመቅ ነው። በጣት መካከል የጠራ ውሃ ብቻ ከወጣና በእጅ ውስጥ የቀረው የሣር ጭረት ከሆነ፥ ፒት ነው፤ መበስበስ ገና አልጀመረም። የደፈረሰ ቡናማ ውሃ ከወጣ መበስበሱ ተጀምሯል። ዐፈሩ ሁሉ እንደ ሊጥ በጣት መካከል ካመለጠ ፈጽሞ በስብሷል። ዋልካ ከሆነ ግን ጭረት የለውም፤ በደረቀ ጊዜ ይከብዳል፥ ይሰነጠቃል። የደረቀ ፒት ቀላል ነው፤ እሳት ቢነካው እንደ ኩበት ቀስ ብሎ ይጤሳል። ዋልካ አይነድም።

ለ። ውፍረቱን መለካት። ረጅም ቀጭን ዘንግ በብዙ ስፍራ ወደ ታች ሰድዶ እስከ ጽኑው ምድር ያለውን ጥልቀት መመዝገብ ነው። ለምሳሌ ውፍረቱ አንድ ሜትር ቢሆንና ከተጠነፈፈ በኋላ በዓመት 2 ሳንቲሜትር ቢወርድ፥ የሺህ ዓመቱ ክምችት በ50 ዓመት ውስጥ ያልቃል። በታች ያለው ምድር ደንጊያ ወይም አሸዋ ከሆነ ለልጅ ልጅ የሚቀር እርሻ የለም። የዛሬው ምርት ከዚህ ጋራ ተመዛዝኖ ይታሰብ።

ሐ። ማጠንፈፍ ግድ ከሆነ፥ ቦዩ ለሰብሉ ከሚያስፈልገው በላይ አይጥለቅ። ነፋስ የሚገባው ውሃው እስከ ወረደበት ድረስ ብቻ ነውና፥ ውሃው ወደ ገጹ በቀረበ መጠን የሚበላው ዐፈር ያንሳል። ከመከር በኋላ ቦዩ ይደፈን፤ የምንጩ ራስም አይነካ።

መ። እሳት ፈጽሞ አይግባ። በሸዋ ደጋ ጓይ የሚባለው፥ ዐፈርን ከምሮ አቃጥሎ ገብስ የመዝራት ልማድ በፒት ላይ ቢደረግ የሚነደው ዐፈሩ ራሱ ነው፤ አንዴ ከተያያዘም ለማጥፋት ብርቱ ችግር ነው።

ሠ። የደረቀ የረግረግ ሣርና ስፋግኑም ለችግኝ መጠቅለያ በሚውልበት ስፍራ ሠራተኞች እጃቸውን ይሸፍኑ። ስፖሮትሪክስ የሚባለው ሻጋታ በእሾህ ወይም በጭረት ቍስል ገብቶ ክንድን ተከትሎ የሚወጣ ቍስል ያመጣል። በ1988 በአሜሪካ አገር በስፋግኑም የተጠቀለለ ችግኝ ሲነኩ 84 ሰዎች በዚህ ታመዋል። በሽታው በመድኀኒት የሚድን ስለ ሆነ የታመመው ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይላክ።

ረ። ዌልስ እንዳደረገው ምሰሶ ይተከል። ብረት ባይገኝ የማይበሰብስ ጽኑ ዕንጨት ይበቃል። ጫፉ ከዐፈሩ ጋራ እኩል ሆኖ በጽኑው ምድር ላይ ይቁም፤ የተተከለበት ቀን ይመዝገብ፤ በየዓመቱም ከመከር በኋላ ምን ያህል እንደ ወጣ ይለካ። አንድ አስተዳዳሪ ከሹመቱ ቢዛወር የሚተካው ሰው መዝገቡን ተመልክቶ ምድሩ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያልቅ ያውቃል፤ ቦዩን መተው ወይም መድፈን እንደሚገባውም ለመቍረጥ ይችላል።

ከሌላው እርሻ ሁሉ ረግረግ የሚለየው በዚህ ነው። የታጠበ ዐፈር በወንዝ ዳር ተከማችቶ ይገኝ ይሆናል፤ የደከመ መሬትም ቢያርፍና ፍግ ቢያገኝ ይበረታል። ሻጋታ የበላው ፒት ግን ጋዝ ሆኖ ስለ ሄደ በፍግ አይተካም፤ የሚመለሰው ውሃው ተመልሶ ሲተኛ፥ በዓመት አንድ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ረግረግ ለማጠንፈፍ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው የሚፈቅደው የአንድ ዘመን እርሻ ብቻ እንዳልሆነ ዐውቆ፥ መጀመሪያ ይለካ፥ ከለካም በኋላ ይፍረድ።